ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ቁስል ላይ፦ ምኑ እውነት፣ ምኑ ወሬ?

ጥቁር ጄል፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን «ቁስል በኤሌክትሪክ የሚያድን ፋሻ ተሰራ» የሚል ወሬ ከቴሌግራም ቴሌግራም እየዞረ ነው። አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር «ይሄ ያንተ ሙያ አይደል እንዴ? እስቲ አብራራልን» ብላችኋል። የምሰራው ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ፣ ከረጅም የኬሚካል ሰንሰለት የተሰራ ነገር) ኬሚስትሪ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ሕክምናው ላይ ያላችሁ ሰዎች ግቡበት።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ኤሌክትሪክ አንዳንድ ቁስሎችን ይረዳል፤ ማስረጃ አለው። ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመርም ያንን ኤሌክትሪክ ወደ ሥጋ ለማድረስ ጎበዝ ነው። «ፖሊመሩን ቁስል ላይ መለጠፍ ብቻውን ያድናል» የሚለው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ወሬው ሦስቱንም ጠቅልሎ ነው የሚሸጠው።

ከቆዳ እንጀምር። ቆዳችን ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የላይኛው ሽፋን ሴሎች ሶዲየምን ያለ ዕረፍት ከውጭ ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ስለዚህ የቆዳው ውስጠኛ ክፍል ከውጩ አንጻር ፖዘቲቭ ይሆናል። ልዩነቱ እንደ ቦታው ከ10 እስከ 60 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ቆዳው ደህና እስከሆነ ድረስ ይህ ቮልቴጅ መውጫ የለውም። ሲቆረጥ ግን በተከፈተው በኩል ከረንት ይፈሳል። የቁስሉ መሃል ኔጋቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ ይሆናል። ጠርዙ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በአንድ ሚሊሜትር ከ100 እስከ 200 ሚሊቮልት ይደርሳል።

ይህ ትናንት የተገኘ ነገር አይደለም። ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን የተባለ የበርሊን ሳይንቲስት በ1843 እ.ኤ.አ. የገዛ ጣቱን ቆርጦ ከቁስሉ የሚወጣውን ከረንት ለክቷል። አንድ ማይክሮአምፒር ያህል ነበር። (የዛሬ ተማሪ ይህን ለማድረግ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መጠበቅ አለበት።)

ሴሎቻችን ይህን መስክ ይከተላሉ። ቁስሉን የሚሸፍኑት የቆዳ ሴሎች፣ ማለትም ኬራቲኖሳይቶች፣ ወደ ኔጋቲቩ ይሄዳሉ። ኔጋቲቩ የቁስሉ መሃል ነው። በቃ፣ መንገዱን የሚያሳያቸው አንዱ ነገር እሱ ነው። በ2006 ተመራማሪው ሚን ዣኦ እና ባልደረቦቹ ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ሥራ ከዚህ ጉዞ ጀርባ ያሉ ጂኖችን አሳይተዋል። በ2011 ደግሞ በሰው ቆዳ ላይ ተለክቶ፣ ከ65 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች የቁስል መስክ ከወጣቶቹ በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። የሽማግሌ ቁስል ለምን ይዘገያል ለሚለው ብዙ ምክንያት አለ። ይሄም አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ «መስኩ ከደከመ ከውጭ እንጨምርለት» የሚል ሐሳብ መጣ። ችግሩ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ከረንቱን ወደ ሥጋ የሚያስገባው ጫፍ ነው። ተራ ብረት ቁስል ላይ አድርገህ ቀጥተኛ ከረንት ለረጅም ሰዓት ከላክህ ውሃው ይበጣጠሳል። በአንዱ በኩል አሲድ፣ በሌላው በኩል አልካላይ ይጠራቀማል። ሥጋው ይቃጠላል። በዚያ ላይ ብረት ደረቅ ነው፤ ቁስል ለስላሳና እርጥብ ነው። አስተላላፊ ፖሊመሮች እዚህ ጋ ነው የሚገቡት። ኤሌክትሮንም አዮንም (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) በውስጣቸው ያልፋል። ብዙ ቻርጅ ስለሚይዙ ውሃውን ሳይበጥሱ ከረንት ማሳለፍ ይችላሉ። ከሃይድሮጄል (ብዙ ውሃ ከያዘ ጄል) ጋር ሲቀላቀሉ ደግሞ ለስላሳ ይሆናሉ። በብዛት የምንሰራባቸው ሦስት ናቸው፦ ፖሊፒሮል፣ ፖሊአኒሊን እና ፔዶት።

ሲሰራ ምን ይመስላል ላላችሁኝ፣ ፖሊፒሮሉን ልንገራችሁ። ንጹሕ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሃይድሮጄል እንወስዳለን። ፒሮል በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ነክረን እንዲመጠው እንተዋለን። ሽታው አፍንጫ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ የአየር መሳቢያው ስር ነው የሚሰራው። ከዚያ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል የብረት ጨው ውስጥ ይገባል። ጄሉ ከጠርዙ ጀምሮ ይጠቁራል። መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ እንደ ከሰል። ትልቁ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ማጠብ። ያልተዋሐደው ፒሮልና ትርፍ ብረቱ እስኪወጣ ድረስ ውሃውን ደጋግሞ መቀየር ነው። እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው ሴሎቹ ሲሞቱበት «ፖሊመሩ መርዛም ነው» ብሎ ይጽፋል።

አሁን ወደ ፋሻው። በብዛት የሚጠቀሰው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ በ2022 መጨረሻ ላይ ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ ላይ የወጣው። ፋሻው የቁስሉን ሙቀትና የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይለካል፤ እያየም ማነቃቂያ ከረንት ይልካል። ቆዳ የሚነካው ክፍል ከፔዶት የተሰራ ጄል ነው። ከቁጥጥር (ማነጻጸሪያ) ቡድኑ ጋር ሲነጻጸር ቁስሉ 25 በመቶ ያህል ፈጥኖ ጠግጓል። ግን ልብ በሉ፤ የተሞከረው አይጦች ላይ ነው። ወሬው ላይ ይህቺ ነገር ተዘላለች።

ጥያቄ ካለ ወዲህ በሉ።

ቦሌ ልጅ፦

ቆይ ቆይ። ፕላስቲክ እኮ ሽቦ የምንሸፍንበት ነው። ኤሌክትሪክ እንዳይነካን። እሱ ራሱ ማስተላለፍ ከጀመረማ ጉድ ፈላ!

ጥቁር ጄል፦

ሃሃ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ኬሚስቶችም እንዳንተው ነበር የሚያስቡት።

ቶኪዮ ውስጥ በሂደኪ ሺራካዋ ቤተ ሙከራ ፖሊአሴቲሊን ሲሰራ አንድ ተመራማሪ ካታሊስቱን (ኬሚካላዊ ሂደቱን የሚያፋጥነውን) ሺህ እጥፍ አብዝቶ ጨመረው። ዱቄት ይወጣል ሲባል ብር የመሰለ አብረቅራቂ ስስ ፊልም ወጣ። ኬሚስቱ አለን ማክዳያርሚድ ይህን ሲያይ ሺራካዋን ወደ ፔንሲልቬንያ ጋበዘው። ከፊዚክስ ባለሙያው አለን ሂገር ጋር ሆነው ፊልሙን የአዮዲን ትነት አስነኩት። የማስተላለፍ አቅሙ በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ዘለለ። ዓመቱ 1977 ነው። ሦስቱም በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ምስጢሩ የኬሚካል ሰንሰለቱ ነው። ነጠላና ድርብ ትስስር እየተፈራረቀ ይሄዳል። አዮዲኑ ከዚያ ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። በተፈጠረው ክፍተት የቀሩት ኤሌክትሮኖች ይንሸራተታሉ። የሽቦ ሽፋን ፕላስቲክ ይህ ተፈራራቂ ትስስር ስለሌለው ሥጋት አይግባህ።

ፖሊአሴቲሊን ራሱ አየር ሲነካው ስለሚበላሽ ለሕክምና አልሆነም። ፔዶት ግን ጠንካራ ነው። መጀመሪያ ሥራ ያገኘውም የፎቶ ፊልም ላይ ነበር፤ ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዳይጠራቀም። ቁስል ጋ የደረሰው በኋላ ነው።

ሲስተር ዘ፦

ወንድሜ ጥቁር ጄል፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። ግን ከዋርድ በኩል ያለውን ልንገርህ። እኔ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ።

እኛ ጋ ድሬሲንግ ማለት አሁንም በአብዛኛው ጎዝ ነው። ጎዙ ቁስሉ ላይ ይደርቃል። ለመቀየር ስንመጣ ሳላይን (የጨው ውሃ) እያንጠባጠብን እንጠብቃለን። ከጥግ ቀስ ብለን እናነሳዋለን። እንደዚያም ሆኖ አዲስ የበቀለው ሥጋ አብሮ ይነሳል። ይደማል። በሽተኛው የአልጋውን ብረት ይጨብጣል። አንዳንዱ ጠዋት የድሬሲንግ ጋሪው ሲንኳኳ ገና ፊቱ ይቀየራል። እና «የማይጣበቅ ነገር አምጡልን» ብለን ስንጮህ ለኖርን ሰዎች ቮልቴጁ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቀለሙ ነው። «እንደ ከሰል» ስትል ደነገጥኩ። ቁስልን በቀለም ነው የምናነበው። ቀይ ከሆነ ሥጋው እየበቀለ ነው። ቢጫ ሲሆን መጽዳት ያለበት ነገር አለው። ጥቁር ከሆነ የሞተ ሥጋ ነው፤ ሐኪም ይጠራል። አንተ ጥቁር ነገር ከላይ ከለጠፍክልኝ ከስሩ ምን እየሆነ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ቅንጥብጣቢው ቁስሉ ውስጥ ቢቀርስ ከሞተ ሥጋ በምን ልለየው?

ጥቁር ጄል፦

ሲስተር፣ የቀለሙን ነገር ኮንፈረንስ ላይ አንድም ሰው አንስቶት አያውቅም። ወደ ሥራችን ይዤው እሄዳለሁ።

ማምለጫው ቅጥነት ነው። ፔዶት በጣም ስስ ሆኖ ሲቀባ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቀለል ያለ ሰማያዊ ብቻ ነው የሚታየው። ፖሊፒሮልና ፖሊአኒሊን ግን ጨለማነታቸውን አይለቁም። አንዳንድ ቡድኖች ጨለማነቱን እንደ ጥቅም ይጠቀሙበታል። 808 ናኖሜትር የሆነ የኢንፍራሬድ ጨረር ሲበራበት ጥቁሩ ፖሊመር ይሞቃል፤ ሙቀቱ ባክቴሪያ ይገድላል። ግን ሌዘር የሌለው ዋርድ ውስጥ ይህ ምን ይረባል ካልሽኝ መልስ የለኝም።

መጣበቁን በተመለከተ መልካም ዜና አለ። ሃይድሮጄል እርጥብ ስለሆነ እንደ ጎዝ ደርቆ አይዝም። የስታንፎርዱ ጄል ከዚህም ያልፋል። በቆዳ ሙቀት ይጣበቃል፤ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ይለቃል። ለእኔ ከዚያ ሥራ ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክም ቢሆን የሚጠቅመው ይሄኛው ነው።

ሳላይን ይቅደም፦

ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ግን ገና ከዳር ነው የነካኸው። እኔ ባዮሜዲካል ምሕንድስና አስተምራለሁ። ይህን ዓይነት የተማሪ ፕሮፖዛል በየዓመቱ አነባለሁ። ሁሉም «ጄሉ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ቁስሉ ቶሎ ይጠግጋል» ይላል። ያቺ «ስለዚህ» የምትለው ነገር ከየት መጣች?

ቁጥር እንይ። ተራ ሳላይን፣ 0.9 በመቶ ጨው ያለበት ውሃ፣ የማስተላለፍ አቅሙ በሴንቲሜትር 15 ሚሊሲመንስ አካባቢ ነው። የቁስል ፍሳሽም ጨዋማ ስለሆነ ከዚህ አይርቅም። ለቁስል ተብለው ከሚሰሩት አስተላላፊ ጄሎች ብዙዎቹ 2 ወይም 3 ሚሊሲመንስ ላይ ናቸው። እንግዲህ ቁስሉ ራሱ ከጄሉ ይበልጥ ያስተላልፋል ማለት ነው። ፍሳሹ ውስጥ የገባ ጄል «ኤሌክትሪክ አመጣሁ» ቢል ማን ያምነዋል?

ቀጥሎ ፖሊአኒሊን። አሲድ ውስጥ አረንጓዴ ነው፣ ያስተላልፋል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ4 ገደማ ሲያልፍ ፕሮቶኑን እየለቀቀ ሰማያዊ ይሆናል፤ ማስተላለፉን ያቆማል። የሰውነት ፒኤች 7.4 ነው። ሥር የሰደደ ቁስል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያም በላይ ወደ አልካላይ ያዘነብላል። አሲድ ውስጥ ለክተህ ያገኘኸውን ቁጥር ለቁስል አትጻፍብኝ። ሰልፎኔት እየጨመሩ ይህን የሚያሻሽሉ እንዳሉ አውቃለሁ። የተማሪዎቹ ጽሑፍ ላይ ግን ሲጨምሩ አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ቁጥጥሩ፣ ማለትም ከምን ጋር እንደሚነጻጸር። ጆርጅ ዊንተር በ1962 አሳማዎች ላይ ቁስልን በፕላስቲክ ፊልም ሸፍኖ እርጥብ አድርጎ ያዘው። ለአየር ከተጋለጠው ቁስል በእጥፍ ያህል ፈጥኖ ተሸፈነ። ኤሌክትሪክ የለ፣ ፖሊመር የለ፣ እርጥበት ብቻ። ስለዚህ የአንተን ጄል ከደረቅ ጎዝ ጋር ካነጻጸርክ ያሸነፈው ውሃው ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ አይጥ። የአይጥ ቆዳ ከስሩ ስስ ጡንቻ አለው፤ ቁስሉን በአብዛኛው ጨምድዶ ነው የሚዘጋው። የሰው ቁስል በዋናነት አዲስ ሥጋ አብቅሎ፣ ከላይ ቆዳ ተስቦበት ነው የሚሸፈነው። ቢያንስ ጠርዙን በቀለበት ይዞ መጨማደዱን መከልከል ነበር። የተሻለው አሳማ ላይ መሞከር ነው።

ጥቁር ጄል፦

መምህር፣ አብዛኛውን እቀበላለሁ። ግን አንድ ሁለት ነገር ልመልስ።

በ2017 የሺያን ጂያኦቶንግ ቡድን ኪቶሳን ከሚባል የተፈጥሮ ፖሊመር ጋር ፖሊአኒሊን አዋሕዶ የሰራው ጄል አለ። እነሱ እርስዎ እንደሚሉት አላደረጉም። ፖሊአኒሊን የሌለበትን ጄልም፣ ገበያ ላይ ያለውን ፊልም ድሬሲንግም አብረው ነው የሞከሩት። ፖሊአኒሊን ያለበት በልጧል።

ሳላይን ይቅደም፦

አውቀዋለሁ፤ ንጹሕ ሥራ ነው። ግን እዚያው ጽሑፍ ላይ ጄሉ ሴል የሚጎዱ ፍሪ ራዲካሎችን እንደሚያጠፋና ባክቴሪያ እንደሚገድል ተጽፏል። ፖሊአኒሊን ራሱ ይህን ያደርጋል። ታዲያ ቁስሉን የረዳው ማስተላለፉ ነው ወይስ ፀረ ኦክሲደንትነቱ? እሱን የሚለይ ሙከራ አምጣልኝ። አስተላላፊነቱን አጥፍቶ ሌላውን ሁሉ እንዳለ የተወ ጄል።

ጥቁር ጄል፦

እሱን አሁን ልሰጥዎት አልችልም። ለዚህም ነው ከላይ «መለጠፍ ብቻውን» የሚለው ይቀረዋል ያልኩት።

ከረንት ሲላክ ግን ነገሩ ይለያል። በ2023 የፍራይቡርግ እና የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰው ኬራቲኖሳይቶችን በትንሽ ቺፕ ላይ አብቅለው ክፍተት ፈጠሩባቸው። ብረት ባልሆኑ፣ በአስተላላፊ ፖሊመር በተሸፈኑ ኤሌክትሮዶች ለ12 ሰዓት ቀጥተኛ ከረንት ላኩ። ክፍተቱ የሚዘጋበት ፍጥነት ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። በጣም የወደድኩት የስኳር በሽታ ያለባቸውን እንዲመስሉ የተደረጉት ሴሎች ላይ የታየው ነው። ያለ ከረንት በሰዓት 1 በመቶ ይዘጉ ነበር። በከረንት 2.8 ደረሱ። ጤነኞቹ ያለ ከረንት 3.5 ነበሩ። ማለትም የደከመው ሴል ወደ ጤነኛው ተጠጋ።

እዚህ ላይ «እርጥበቱ ነው» አይሉኝም፤ ሁሉም ውሃ ውስጥ ነው ያሉት። የሳላይኑ ክርክርም አይይዝም። ምክንያቱም ፖሊመሩ እዚህ የሚሰራው ከሳላይን ጋር ለመፎካከር አይደለም። የሽቦውን ኤሌክትሮን ወደ ሳላይኑ አዮን የሚያሻግረው እሱ ነው። ያንን ሳላይን አይሰራውም።

ሳላይን ይቅደም፦

በዚህ ተስማማን። ሴል ቺፕ ላይ እንጂ እግር ላይ አለመሆኑን ብቻ ጨምርበት። ቺፕ ላይ መግል የለም፣ የተዘጋ ደም ስር የለም፣ የሚረግጠው ሰው የለም።

የጋሼ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙው አልገባኝም፤ ግን የምጠይቀው አለኝ። አባቴ ስኳር አለበት። የእግሩ መዳፍ ስር፣ ከአውራ ጣቱ ዝቅ ብሎ፣ ቁስል ወጥቶበት አልድን ብሎታል። በመሃል ጠገገ ስንል ተመልሶ ያመረቅዛል። ማርም ቀብተንለታል። አሁን ውጭ ያለ ወንድሜ ለወገብ ሕመም የሚሆን በባትሪ የሚሰራ የኤሌክትሪክ ማሽን ልኮልናል፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሁለት ነገር አለው። ቁስሉ ዳር ዳር ብናደርግለት ይጠቅመዋል? እባካችሁ።

ቦሌ ልጅ፦

እኔ ደግሞ የ9 ቮልት ባትሪ ልጠይቅ ነበር፤ ማሽን ያለው ሰው መጣ።

ጥቁር ጄል፦

ቦሌ ልጅ፣ ቀልዱ ይቆየን፤ አንድ ሰው አንብቦ እንዳይሞክረው ልመልስ። ውሃ መበጣጠስ የሚጀምረው ከ1.23 ቮልት ጀምሮ ነው። 9 ቮልት በተራ ሽቦ ቁስል ላይ ማለት ሥጋው ላይ አሲድና አልካላይ መስራት ማለት ነው። ቃጠሎ ነው የሚያተርፈው።

የማሽኑን ነገር ለሚያውቁት ልተው።

ቨርጂኒያ ነርስ፦

የጋሼ ልጅ እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልን። እኔ አሜሪካ የቁስል ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሰራው። ማሽኑን ቁስሉ ላይም ዳሩም ላይ እንዳታደርጉት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ያ ማሽን ለሕመም ነው የተሰራው። አባትሽ እግሩ ደንዝዞ ከሆነ ሲያቃጥለው አይሰማውም። ልቡ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ካለው አደገኛ ነው። አጥንቱ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ከሆነም ከላይ ማነቃቃት አይመከርም። ተመልሶ የሚያመረቅዝ የእግር ቁስል ሲባል ደግሞ የመጀመሪያ ጥርጣሬያችን አጥንት ነው። ኤክስሬይ ተነስቷል? ካልተነሳ እሱ ይቅደም።

ዓለም አቀፉ የስኳር እግር ሕክምና ቡድን በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ኤሌክትሪክን ከመደበኛው ሕክምና አስበልጣችሁ አትጠቀሙ ብሏል። እዚህ አሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለቁስል የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ይከፍላል። ግን መደበኛው ሕክምና 30 ቀን ተሞክሮ ምንም ለውጥ ካልታየ ነው። በባለሙያ እጅ መሰጠት አለበት። በሽተኛው ቤቱ ራሱ ቢያደርገው አይከፍልም።

መዳፍ ስር ያለ ቁስል የማይድንበት ትልቁ ምክንያት መረገጡ ነው። ሰውየው በሄደ ቁጥር ሙሉ ክብደቱ ያችው ቦታ ላይ ያርፋል። የትኛውም ፋሻ ይህን አያሸንፍም። ክብደቱን ከቁስሉ ላይ የሚያነሳ ልዩ ጀሶ ወይም ጫማ ያስፈልገዋል። ሐኪሙን «ከእግሩ ላይ ጫናውን በምን እናንሳለት?» ብለሽ ጠይቂው። የደም ዝውውሩንም ይመርምሩለት፤ እግሩ ላይ የደም ስሩ ትርታ መኖሩን። ስኳሩም ይስተካከል። የሞተው ሥጋ በባለሙያ ይጠረግ።

ማሩን በተመለከተ፣ ለቁስል ተብሎ የተዘጋጀ ንጹሕ ማር አለ። ከገበያ የተገዛው ግን ጀርም የጸዳ አይደለም። እሱን አቁሙት።

ሲስተር ዘ፦

በትክክል ብለሻል። የጋሼ ልጅ፣ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አለርት ሆስፒታል ለደነዘዘ እግር ቁስል የረጅም ጊዜ ልምድ አለው። ከሥጋ ደዌ ሕክምና የመጣ ልምድ ነው፤ የደነዘዘ እግር ጣጣው ተመሳሳይ ነው። ሙቀት ካለው፣ እግሩ ካበጠ ወይም ከሸተተ ቀጠሮ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ውሰዱት።

የጋሼ ልጅ፦

ኤክስሬይ አልተነሳም። ቤት ውስጥ በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው፤ ጫማ ሲያደርግ ይከፋዋል። ነገ ይዤው እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተባረኩ።

ፊዚዮ ጎንደር፦

ዘግይቼ ገባሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ውይይቱን ያነበበ ሰው «ኤሌክትሪክ ለቁስል አይሆንም» ብሎ እንዳይወጣ ስለፈራሁ ነው የምጽፈው።

የስኳር እግር አንድ ነገር ነው፤ የአልጋ ቁስል ሌላ ነው። በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ የአልጋ ቁስል መመሪያ አልድን ላለ ጥልቅ ቁስል የኤሌክትሪክ ማነቃቂያን ይመክራል፤ ያውም ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው ምክሮች መካከል መድቦት። የአከርካሪ ጉዳት ያለባቸው ወጣቶች መቀመጫቸው ላይ የሚወጣባቸው ቁስል ወራት ይፈጃል። እነሱ ናቸው ከዚህ ሊጠቀሙ የሚችሉት።

ታዲያ ለምን በብዛት አናደርገውም? ጣጣው ነው። ሳላይን የነከረ ጎዝ ቁስሉ ውስጥ ትሞላለህ። በላዩ ኤሌክትሮድ ታደርጋለህ። ሁለተኛውን ኤሌክትሮድ ራቅ አድርገህ ጤነኛ ቆዳ ላይ ትለጥፋለህ። አንድ ሰዓት ያህል ትጠብቃለህ። ጎዙ ይደርቃል፣ ገመዱ ይነቀላል፣ ታካሚው ይገላበጣል። በሳምንት ብዙ ቀን መደገም አለበት። አንድ ፊዚዮ ስንት ሰው ይይዛል?

ስለዚህ ጥቁር ጄል፣ እዚህ ነው የአንተን ፖሊመር የምፈልገው። አንዴ ከተለጠፈ ቀናት የሚቆይ፣ ሳይደርቅ ከረንት የሚያሳልፍ፣ ታካሚው ሲገላበጥ የማይነቀል። «ያለ ኤሌክትሪክ ያድናል» የሚል ነገር አትስሩልን። ለያዝነው ሕክምና ጥሩ ኤሌክትሮድ ስሩልን።

ሳላይን ይቅደም፦

ይህን አስተያየት የተማሪዎቼ ፕሮፖዛል መግቢያ ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል።

ጥቁር ጄል፦

ፊዚዮ፣ እኔም እየሄድኩ ያለሁት ወደዚያው ነው። የሚያስቸግረኝን ልንገርህ። ፔዶት በውሃ ውስጥ የሚበተነው ፒኤስኤስ ከሚባል ሌላ ፖሊመር ጋር ነው፤ ፒኤስኤስ ደግሞ ኃይለኛ አሲድ ነው። ከጠርሙሱ እንደወጣ ቁስል ላይ ማድረግ አይታሰብም። መታጠብ አለበት፣ ፒኤቹ መስተካከል አለበት። ውሃ ውስጥ እንዳይሟሟ ማያያዣ ኬሚካል ይጨመርበታል። ማያያዣው ሲበዛ ይደርቃል፤ ሲያንስ ይፈርሳል። ሌላው ደግሞ እነዚህ ፖሊመሮች ሰውነት ውስጥ በቀላሉ አይበሰብሱም። ቁስል ውስጥ የቀረ ቅንጣት እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ሳይቆራረጥ ሙሉውን መነሳት የሚችል መሆን አለበት።

ሲስተር ዘ፦

እና በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ያልፋል ወይስ አያልፍም? እኛ ጋ ማምከኛው እሱ ነው። «በጨረር ብቻ» ካልከኝ ተስፋ ቆረጥኩ።

ጥቁር ጄል፦

ስስ የፔዶት ፊልም ያልፋል። በ2016 ኤሌክትሮዶች ላይ ተሞክሮ ሥራውን አልለቀቀም። ውሃ የያዘው ጄል ግን እንደተሰራበት ነገር ይለያያል፤ አንዳንዱ ይቀልጣል፣ አንዳንዱ ይኮማተራል። የእኔ ሐሳብ ለሁለት መክፈል ነው። ፔዶቱ በስስ ፊልም ላይ ሆኖ በአውቶክሌቭ ይግባ። ጄሉ ለብቻው በታሸገ ከረጢት ይምጣ። ስትለጥፉት ታገናኙታላችሁ።

ውፍረቱን ቀንሼ ናሙና ስሰራ ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ። ቀይ ጨርቅ ላይ አድርጌ ከስሩ ይታይ አይታይ እናያለን።

ሲስተር ዘ፦

ቀይ ብቻ አይበቃም፤ ቢጫውንም ጨምር። ሰማያዊ ነገር ቢጫ ላይ ሲሆን አረንጓዴ ይመስላል፤ እኛ ጋ አረንጓዴ ማለት ደግሞ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ለምርመራ እንልክብሃለን።

ጥቁር ጄል፦

እሺ ሲስተር፣ ሁለቱም ላይ።